ደፍ፣ ግድግዳ፣ ደረጃ፦ አሮጌ ቤት ሲታደስ የሚነሱ ሦስት ጥያቄዎች

አንድ አሮጌ በር ፊት ቆማችሁ ሜትር አውጡ። ከመሬቱ እስከ ደረጃው 15 ሴንቲ ሜትር ነው። ከደረጃው በላይ የድንጋይ ደፍ አለ፤ እሱ 3 ሴንቲ ሜትር ይጨምራል፣ መሐሉም በእግር ብዛት ተበልቶ ጎድጉዷል። የውስጡ ወለል ከደፉ ጋር እኩል ነው። በሩ ወፍራም ሳንቃ ነው፤ መቃኑ ላይ የአናጢው መሣሪያ የተወው ምልክት ዛሬም ይታያል። በሳንቃውና በደፉ መካከል ግን ጣት የሚያስገባ ክፍተት ስላለ ነፋስ እንደልቡ ይመላለሳል።

ለዚህ በር ሦስት ባለሙያ ብትጠሩ ሦስት ምክር ታገኛላችሁ። የቅርስ ጥበቃው ሰው «እንዳትነኩት» ይላል። የኃይል ቁጠባው ሰው «አውጡትና አየር የማያሳልፍ አዲስ በር ግጠሙ» ይላል። የተደራሽነቱ ሰው ደግሞ «ደረጃውን አፍርሱት፤ አዛውንትም፣ ዊልቸር ተጠቃሚም፣ ልጅ በጋሪ የሚገፋም በዚህ አይገባም» ይላል። ሦስቱም ልክ ናቸው። የቤቱ ባለቤት ግራ የሚጋባውም ሦስቱም ልክ ስለሆኑ ነው።

ብዙ ጊዜ ክርክሩ የሚካረረው ቤቱ እንዴት እንደሚሠራ ሳይጠና ሁሉም የየራሱን መፍትሔ ይዞ ስለሚመጣ ነው። ውሃው በየት ገብቶ በየት ይወጣል? ሙቀቱ በየት ይሸሻል? ሰውየው ከመንገድ እስከ አልጋው ሲሄድ የት የት ይደናቀፋል? እነዚህ ከታወቁ የጭቅጭቁ ግማሽ ይረግባል። ሌላው ግማሽ እውነተኛ ግጭት ስለሆነ መምረጥ ግድ ይላል።

ከከባዱ እንነሳ፤ ማፍረስ። «ይህን ከምናድስ አፍርሰን ኃይል ቆጣቢ አዲስ ቤት ብንሠራ አይሻልም?» የሚለው ጥያቄ ሞኝነት አይደለም፤ ሒሳቡ ግን ሙሉ መሆን አለበት። ቤት ካርቦን የሚያስወጣው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ሰው ሲኖርበት ለማሞቂያ፣ ለማቀዝቀዣ፣ ለመብራት የሚውለው ኃይል ነው። ሁለተኛው ቤቱን ለመገንባት ድንጋይ ሲፈለጥ፣ ብረት ሲቀልጥ፣ ሲሚንቶ ሲቃጠል፣ ዕቃ ሲጓጓዝ የወጣው ነው። ይህን ሁለተኛውን ባለሙያዎች «የተቀበረ ካርቦን» ይሉታል። ስሙ ትንሽ ያሳስታል። ግድግዳው ውስጥ የተቀበረ ጋዝ የለም፤ ጋዙ ቤቱ በተሠራ ዘመን ወጥቶ አልቋል። ስለዚህ የቆመ ቤት የተከፈለ ዕዳ ነው። ሲፈርስ በዚያ ዕዳ የተገዛው ነገር ወደ ቆሻሻ መጣያ ይሄዳል፣ በቦታውም አዲስ ዕዳ ይገባል።

የአዲሱን ዕዳ ትልቅ ድርሻ የሚይዘው ሲሚንቶ ነው። ከዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው ከሲሚንቶ ምርት ይመነጫል። ምክንያቱ የእቶኑ ነዳጅ ብቻ አይደለም። የኖራ ድንጋይ ከሸክላ አፈር ጋር እስከ 1,450 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሲግል፣ እዚያ ሳይደርስ በመንገዱ ላይ ድንጋዩ ራሱ ይበተንና በውስጡ የነበረውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ከልቀቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከዚህ ኬሚስትሪ ስለሚመጣ እቶኑን በፀሐይ ኃይል ብታነዱት እንኳ አይቀርም።

አሜሪካዊው አርክቴክት ካርል ኤለፋንቴ «ከሁሉ አረንጓዴው ሕንፃ ቀድሞውኑ የቆመው ነው» ያለው ይህን አስቦ ነው። አባባሉ ያምራል፤ እኔ ግን ሁልጊዜ ይሠራል ብዬ አልምልም። በየዓመቱ ለማሞቂያ ብዙ ነዳጅ የሚበላ፣ ማንም የማያድሰው ቤት ዕዳውን በየወሩ ይጨምራል። ሆኖም አዲሱ ግንባታ የሚያስወጣው ጋዝ ዛሬውኑ ይወጣል፤ ይቆጥበዋል የተባለው ደግሞ በአሥርት ዓመታት ውስጥ ጠብ ጠብ እያለ የሚመጣ ነው። ሚዛኑ ወደ እድሳት የሚያጋድለው በዚህ ነው፤ እድሳቱ ግን በደንብ ከተሠራ።

በደንብ የሚሠራው ግድግዳውን ያወቀ ሰው ነው። እዚህ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ብወስድ ቅር አይበላችሁ። ብዙ አሮጌ ቤት የተበላሸው በእርጅና ሳይሆን በእድሳት ነውና።

ቀላል ሙከራ አለ። በኖራ የተለሰነ አሮጌ ግድግዳና በሲሚንቶ የተለሰነ ግድግዳ ላይ በጣታችሁ ጥቂት ውሃ እርጩ። ሲሚንቶው ላይ ጠብታው ድቡልቡል ብሎ ቁልቁል ይወርዳል፤ ኖራው ላይ ግን ጠብታው ይሰፋል፣ ይጠቁራል፣ ይሰርጋል። ይህን ያየ ሰው ሁሉ «በቃ ሲሚንቶው ይሻላል፣ ውሃ አያስገባም» ይላል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመልሳችሁ ብታዩት ኖራው ደርቋል። ውሃውን ተቀብሎ መልሶ ለአየሩ ሰጥቷል።

በጭቃ ወይም በኖራ የተያያዘ የድንጋይ ወይም የጡብ ግድግዳ ዕድሜውን ሙሉ የሚሠራው እንዲህ ነው። እርጥበት ከመሬት ወደ ላይ ይሳባል፣ ከዝናብም ይገባል፤ ሰውም ሲተነፍስ፣ ሲያበስል፣ ሲታጠብ፣ ልብስ ሲያሰጣ በቀን ሊትር በሊትር ትነት ወደ አየሩ ይለቃል። አሮጌው ግድግዳ ይህን ሁሉ ተቀብሎ በሁለቱም ፊቱ ያስተነፍሳል። የድሮ ግንበኛ ስለ ትነት አልተማረ ይሆናል፤ ልስኑ ከድንጋዩ መለስለስ እንዳለበት ግን ያውቅ ነበር።

አሁን በዚህ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ ለስኑበት። የመጀመሪያው ዓመት ያምራል። ሲሚንቶ ግን ግትር ነው፤ አሮጌ ግድግዳ ደግሞ በሙቀትና በእርጥበት ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ልስኑ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ያወጣል። በስንጥቁ ውሃ ይገባል፤ ቀድሞ ይወጣበት የነበረው ፊት ግን ተደፍኗል። ግድግዳው ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ጨው እየሟሟበት ይንቀሳቀሳል። ጨዉ ከልስኑ ጀርባ ወደ ክሪስታል ሲለወጥ ቦታ ይፈልጋልና ልስኑን እየገፋ ያስለቅቀዋል፣ ጡቡንም ወደ ዱቄት ይለውጠዋል። ግድግዳው ውስጥ የተቀበሩ የእንጨት ወራጆች ጫፋቸው ይበሰብሳል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው በእርግጥም ለዚህ ነገር የተባለ ይመስላል፤ ላዩ እያማረ ውስጡ ያልቃል።

ከዚያ ባለቤቱ ሻጋታ ያይና ውሃ መከላከያ ቀለም ይቀባል። ይህ ሁለተኛ መዝጊያ ነው።

ነገርን ከሥሩ ማየት ማለት እዚህ ጋ ከአሸንዳው መጀመር ነው። ግድግዳ ረጠበ ሲባል መጀመሪያ የሚታየው ጣሪያው፣ አሸንዳው፣ መውረጃ ቱቦው፣ ከዚያም ቤቱ ዙሪያ የተከመረ አፈር ነው። በዘመናት ብዛት መሬቱ ከፍ ብሎ ከወለሉ በላይ የወጣበት ቤት ጥቂት አይደለም። አፈሩን ዝቅ አድርጎ በጠጠር መሙላት ብቻውን ግድግዳ ያደረቀበት ጊዜ አለ። ሲሚንቶው ከዚያ በኋላ ቀስ ተብሎ ይነሳል፤ ግድግዳው እስኪደርቅ ይጠበቃል (ወራት ይወስዳል፣ አንዳንዴ ከዓመት ያልፋል፣ የሚያቃጥለውም ይህ ነው)፤ ከዚያ በኖራ ይለሰናል። ኖራ የሚቃጠለው 900 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከተለሰነ በኋላም እየጠነከረ ሲሄድ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መልሶ እየሳበ ወደ ድንጋይነት ይመለሳል። ለግድግዳው የሚበጀው ለአየሩም ይሻላል።

የሙቀት መከላከያም በዚህ ሕግ ይመራል። ቀዝቃዛ አገር ላለ ቤት ግድግዳውን ከውጭ ማልበስ ይመረጣል፤ ግድግዳው ራሱ ሞቆ ይቆያልና ጤዛ አያፈራም። የተቀረጸ ድንጋይና ያማረ ፊት ያለውን ቤት ግን ከውጭ ብታለብሱት ፊቱ ተቀበረ። ከውስጥ ብታለብሱት ፊቱ ይተርፋል፤ ግድግዳው ግን ከክፍሉ ሙቀት ተነጥሎ ይቀዘቅዛል፣ ከውስጥ የሚመጣውም ትነት መከላከያውና ግድግዳው በሚገናኙበት ቦታ ወደ ውሃ ይለወጣል። ይህ ከእውነተኞቹ ግጭቶች አንዱ ነው። አስታራቂው መንገድ ቀጠን ያለና ትነት የሚያሳልፍ ነገር መምረጥ ነው፦ ከእንጨት ጭረት የተሠራ ሰሌዳ፣ ቡሽ፣ ከኖራ ጋር የተቦካ የተክል ገለባ። ውጤቱ ከአዲስ ቤት ያነሰ ይሆናል፤ ያም ይሁን። ጣሪያው ሥር ያለው ባዶ ቦታ ግን ብዙ ጊዜ ማንም ሳያየው በወፍራሙ ሊሞላ ይችላል፤ ከዚያ መጀመር ያዋጣል።

በኃይል ቁጠባ ጥብቅነቱ የታወቀው የጀርመኖቹ ፓሲቭ ሃውስ መስፈርት እንኳ ይህን ይቀበላል። እ.ኤ.አ. በ1991 በዳርምሽታት በተሠራው የመጀመሪያው ቤት የተጀመረው ይህ መስፈርት ለአዲስ ቤት ማሞቂያ በካሬ ሜትር በዓመት ከ15 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ አይፈቅድም። ኢነርፊት በተባለው የአሮጌ ሕንፃ እድሳት መስፈርት ግን በቀዝቃዛ መካከለኛ አየር ንብረት ከፍተኛው ገደብ 25 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። አሮጌ ቤት የራሱ ጠባይ እንዳለው ማመን ስንፍና አይደለም ማለት ነው።

ሞቃት አገር ላለ ቤት ነገሩ ይገለበጣል። ወፍራም ግድግዳ ቀን ሙቀቱን ውጦ ሌሊት ይለቀዋልና ዋናው ሥራ ፀሐዩን መስኮት ሳይደርስ ውጭ ማስቀረት፣ ሌሊት ደግሞ ነፋስ ማስገባት ነው። አሮጌ የእንጨት መዝጊያዎች ያሉት ቤት ይህን የሚያደርግበት ዕቃ አለው፤ ማጠፊያቸው ዝጎ ስለማይንቀሳቀሱ ብቻ ተረስተዋል።

መስኮት ላይ ብዙ አልቆይም። አሮጌ የእንጨት መስኮት ተጥሎ ፕላስቲክ ከመግጠም በፊት ክፍተቱን መድፈን፣ ከውስጥ ሁለተኛ መስታወት መጨመር፣ ሌሊት ወፍራም መጋረጃ መዝጋት አለ። የእንጨቱ አንድ ቁራጭ ቢበሰብስ ቁራጩ ይቀየራል፤ ፕላስቲኩ ሲሰበር ሙሉው ይጣላል።

ምን ያህል መንካት ይፈቀዳል? የቅርስ ጥበቃ ሰዎች በዚህ ላይ ከመቶ ዓመት በላይ ተከራክረዋል። እ.ኤ.አ. በ1877 ዲዛይነሩና ጸሐፊው ዊልያም ሞሪስ እንግሊዝ ውስጥ የጥንታዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ማኅበርን ሲመሠርት የተነሳው አብያተ ክርስቲያናትን «ወደ ጥንት መልካቸው እንመልሳለን» እያሉ ዕድሜያቸውን የሚፍቁ አዳሾችን ተቃውሞ ነው። እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የቬኒስ ቻርተር፣ የቅርስ ጥበቃ ዓለም አቀፍ ሰነድ፣ እድሳት ግምት በሚጀምርበት ቦታ ላይ መቆም አለበት ይላል። በዚያው ሰነድ ውስጥ ብዙ ሰው የማያነሳው ሐሳብም አለ፤ ሕንፃ ለማኅበራዊ ጥቅም ሲውል ጥበቃው ይቀላል የሚል። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የአውስትራሊያው የቅርስ ጥበቃ ሰነድ ቡራ ቻርተር ደግሞ በተግባር ለሚሠራ ሰው የሚጠቅመውን ደንብ ሰጠ፦ የሚያስፈልገውን ያህል ለውጥ፣ በተቻለ መጠን ግን ጥቂት። እኔ በዚህ ላይ የምጨምረው ሊቀለበስ ይችላል ወይ የሚለውን ጥያቄ ነው። የሚቀጥለው ባለቤት ዛሬ የሠራችሁትን አንስቶ የድሮውን ማግኘት ከቻለ ብዙ ነገር ይፈቀዳል።

አካታች ንድፍ ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው ራምፕ፣ ማለትም በደረጃ ፋንታ የሚሠራ ተዳፋት መንገድ፣ ይታየዋል። ራምፕ ያስፈልጋል፤ ግን ታሪኩ ከዚያ ይሰፋል። «ሁለንተናዊ ንድፍ» የሚለውን ሐሳብ ያስፋፋው አሜሪካዊው አርክቴክት ሮናልድ ሜስ በልጅነቱ በፖሊዮ ተይዞ በዊልቸር የሚንቀሳቀስ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 እሱ የመራው ቡድን በሰሜን ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሰባት መርሆዎች አወጣ። ሐሳቡ ቢጠቀለል፣ ለአንድ ሰው የተለየ የጎን በር ከመክፈት ዋናውን በር ሁሉም እንዲገባበት ማድረግ ነው።

ከመርሆው የሚቀድም ቤትም አለ። አሜሪካዊው አርክቴክት ፍራንክ ሎይድ ራይት ለኬኔትና ለፊሊስ ሎረንት በሮክፎርድ፣ ኢሊኖይ የሠራው ቤት እ.ኤ.አ. በ1952 ሲያልቅ የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ሊወጣ ገና 38 ዓመት ቀርቶት ነበር። ባልየው ዊልቸር ተጠቃሚ ነበር። ቤቱ አንድ ፎቅ ብቻ ነው፣ በሮቹ ሰፊ ናቸው፣ ጠረጴዛዎቹ ሥራቸው ክፍት ሆኖ ጉልበት ያስገባሉ። ወንበሮቹም ዝቅ ያሉ ስለሆኑ እንግዳ ሲቀመጥ ዓይኑ ከባለቤቱ ዓይን ጋር ይስተካከላል። ይህ የመጨረሻው ነገር በየትኛውም የመለኪያ ሰንጠረዥ ውስጥ አይገኝም።

ከመርሆዎቹ በኋላ የመጣ ሌላ ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1998 ሆላንዳዊው አርክቴክት ሬም ኩልሃስና ባልደረቦቹ በፈረንሳይዋ ቦርዶ አቅራቢያ የሠሩት ቤት ነው። ባለቤቱ በመኪና አደጋ መራመድ ያቆመ ሰው ሲሆን ለአርክቴክቱ ቀላል ቤት አልፈልግም፣ ውስብስብ ቤት ነው የምፈልገው አለው። ዓለሙ ቤቱ ሊሆን ነውና። መልሱ 3 በ3.5 ሜትር የሆነ ወለል ሆነ፤ በሦስቱ ፎቆች መካከል ይወጣል ይወርዳል። የሥራ ጠረጴዛው እዚያው ላይ ስለነበር ሰውየው ሲንቀሳቀስ ክፍሉ አብሮት ይሄድ ነበር። እንዲህ ያለ ቤት የጥቂት ሀብታሞች ነው፤ ሆኖም ተደራሽነት ማለት ከቤት ነገር መቀነስ ነው የሚለውን አስተሳሰብ ያፈርሰዋል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። የራምፕ የተለመደው ትልቁ ተዳፋት 1 ለ12 ነው፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ለመውጣት 12 ሴንቲ ሜትር መጓዝ። ሦስት ደረጃ ማለት 45 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ራምፑ 5 ሜትር ከ40 ይሆናል፣ ላይና ታች ዊልቸር የሚዞርባቸው 1 ሜትር ተኩል የሚሆኑ ሜዳዎች ሲጨመሩ 8 ሜትር ያልፋል። ለዚህ ነው በጠባብ ግቢ ውስጥ ራምፕ ቤቱን የሚውጠው፤ ለዚህም ነው አንዳንዱ «አለ ለማለት» ተብሎ የተገነባ ራምፕ ተዳፋቱ ከመብዛቱ የተነሳ ሰው በእጁ ገፍቶ የማይወጣው።

የውስጥ በር ሲከፈት የሚገኘው የመተላለፊያ ስፋት 81 ወይም 82 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው፤ አሮጌ በር ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ ይጠባል። ግድግዳ ከመስበር በፊት ማጠፊያውን መቀየር አለ። በሩ ሲከፈት ሙሉ በሙሉ ከመተላለፊያው ወጥቶ እንዲቆም የሚያደርግ የታጠፈ ማጠፊያ ከተገጠመ የሳንቃውን ውፍረት ያህል፣ አራት አምስት ሴንቲ ሜትር፣ ይተርፋል። መቃኑን ማንም አልነካውም።

ከዚያ ውጭ ያለው ነገር ርካሽ ነው፣ የሚረሳውም ርካሽ ስለሆነ ነው። ድቡልቡል እጄታ በሚጫን እጄታ ይቀየር፤ ሪህ የያዘው እጅም፣ ዕቃ የተሸከመ ክንድም ይከፍተዋል። የደረጃ ጠርዝ ከወለሉ በቀለም ይለይ፤ ዓይኑ የደከመ ሰው የሚወድቀው ሁለት እርከን እንደ አንድ ሲታየው ነው። መታጠቢያ ቤት ሲለሰን ከልስኑ በስተጀርባ ወፍራም እንጨት ይቀበር። ዛሬ መደገፊያ ብረት የማይፈልግ ሰው ከአሥር ዓመት በኋላ ሲፈልግ ብሎኑ የሚይዝበት ያገኛል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው፤ ግድግዳው ክፍት በሆነበት ቀን ወጪው ኢምንት ነው፣ ከተዘጋ በኋላ ግን መስበር ነው።

ሦስቱ ጥያቄዎች በአንድ ላይ ሲመለሱ ማየት የሚፈልግ የቦርዶውን ግራን ፓርክ ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ሦስት ትላልቅ የመኖሪያ ሕንፃዎች ናቸው፤ 530 አፓርታማ አላቸው። በውበት ማንም አይጠራቸውም፣ ለመፍረስ የታጩም ዓይነት ናቸው። ፈረንሳያውያኑ አርክቴክቶች አን ላካቶንና ዣን-ፊሊፕ ቫሳል ከፍሬደሪክ ድሩዎና ከክሪስቶፍ ኢቲን ጋር ሆነው በፊታቸው ላይ ተገጣጣሚ ወለሎችን አቁመው ለቤቶቹ የመስታወት ሰገነት ጨመሩላቸው። ትንንሾቹ መስኮቶች ተነስተው ወደ ሰገነቱ የሚወጡ ሰፋፊ ተንሸራታች በሮች ተተኩ፤ ሰገነቱም በቤቱና በውጭው አየር መካከል ሆኖ ብርዱን ያለዝባል። ሊፍቶቹም ተሻሻሉ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2017 ሲያልቅ ነዋሪዎቹ ሳይፈናቀሉ እዚያው እየኖሩ ነበር። ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ ነው። አንዲት አሮጊት ከጎረቤቶቿ ተነጥላ ሌላ ሰፈር ከተላከች አዲሱ ቤት የቱንም ያህል ተደራሽ ቢሆን ቤቱን ማን ያንኳኳላታል? ላካቶንና ቫሳል እ.ኤ.አ. በ2021 የአርክቴክቶች ትልቁ ሽልማት የሆነውን ፕሪትዝከርን አግኝተዋል።

ወደ በራችን እንመለስ። ከመሬቱ እስከ ወለሉ በድምሩ 18 ሴንቲ ሜትር ነው። 1 ለ12 ቢሆን 2 ሜትር ከ16 ይበቃ ነበር፤ ግቢው ቦታ ካለው ግን 1 ለ20 ይሻላል። 3 ሜትር ከ60 የሚሆን መንገድ ቀስ እያለ ከፍ ይላል፣ ከዚያ በሩ ፊት ሜዳ ይሆናል። እንዲህ የለዘበ መንገድ ራምፕ አይመስልም፤ ሁሉም ሰው ሳያስበው ይሄድበታል። አሮጌው ደረጃ አይፈርስም። በጨርቅና በአሸዋ ተሸፍኖ ከመንገዱ ሥር ይተኛል፤ የፈለገ ትውልድ አንስቶ ያገኘዋል። ደፉም በቦታው ይቀራል። ሳንቃው ታችኛ ጠርዝ ውስጥ በሩ ሲዘጋ ወርዶ ደፉን የሚነካ፣ ሲከፈት የሚነሳ ጎማ ይቀበርና ነፋሱ ይቆማል።

አንድ ችግር ይቀራል። መሬቱን እስከ ግድግዳው ድረስ ከፍ ካደረግነው ቅድም ያወገዝነውን አፈር እኛው ራሳችን ከመርን፤ ዝናቡም ወደ በሩ ይሮጣል። ስለዚህ መንገዱ ግድግዳው ጋ ሳይደርስ አንድ ስንዝር ያህል ይቆማል፣ ክፍተቱ በጠጠር ይሞላል፣ በሩ ፊት ብቻ የብረት ፍርግርግ ይጋደምበታል። የፍርግርጉ ቀዳዳ ከ13 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ብረቶቹም ለሚገባው ሰው አግድም ይሆናሉ። በርዝመቱ ከተጋደሙ የዊልቸሩ ትንሽ ጎማና የከዘራው ጫፍ በመካከላቸው ይሰምጣሉ፤ አግድም ከሆኑ ውሃው ይወርዳል፣ ጎማው ያልፋል።